ስለ ውሃ ማለስለሻው፣ ስለ አበባው ሞትና ስለ እሑዱ ሻይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የፌርፋክስ ጎረቤታሞች መረዳጃ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከወ/ሮ ፀሐይወርቅ የቅመማ ቅመም ሱቅ ጀርባ የሚገኘው የማኅበሩ አዳራሽ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡35

ማስታወሻ፦ ሰዓቱ የተወሰደው ከአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት በሙሉ ድምፅ በጸደቀው ውሳኔ መሠረት በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ይሠራል፤ የማይክሮዌቩም ጭምር።

የተገኙ፦
1. አቶ ኅሩይ፣ ሊቀመንበር። ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ። የደም ግፊት ያለባቸው መሆኑ እንዲመዘገብ ራሳቸው ጠይቀዋል።
2. ወ/ሮ ፀሐይወርቅ፣ ገንዘብ ያዥ። የሱቁ ባለቤት፣ በዚህም ምክንያት የአዳራሹ አከራይ።
3. ኢንጂነር ተመስገን፣ የቴክኒክ ጉዳዮች ኃላፊ። ከኖርዝ ሆሊውድ ነው የመጡት፤ ስለ መንገዱ መጨናነቅ የተናገሩት ረጅም ስለሆነ አልተመዘገበም።
4. አቶ ሁዘይፋ፣ አባል። ሾፌር።
5. ወ/ሪት አቢጌል፣ የወጣቶች ተወካይ። ነርስ።
6. ወ/ሮ ታደለች፣ የመስተንግዶ ኃላፊ። ጡረተኛ። ከቅዳሴ መልስ ለማኅበሩ የሚቀርበውን የእሑድ ሻይ የሚያፈሉት እርሳቸው ናቸው።
7. አሳምነው፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ሊያ፣ ምክትል ሊቀመንበር። ምክንያታቸውን አላሳወቁም። ሊቀመንበሩ ይህ ከአንድ ምክትል የማይጠበቅ መሆኑ ይመዝገብ ብለዋል፤ ተመዝግቧል።

ከስምንት አባላት ሰባቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው የዘገየው አቶ ሁዘይፋ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እስከ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ድረስ ሄደው በእግራቸው ስለተመለሱ ነው። በሙያቸው ሾፌር መሆናቸውን ያነሳ አባል ነበር፤ አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን የከፈቱት አዳራሹን በማወደስ ነው። የግድግዳው ሰዓት፣ የማይክሮዌቩና የአዲሱ የውሃ ማለስለሻ ማሽን ሰዓት አንድ ላይ የሚናገሩበት እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው አዳራሽ በከተማው ውስጥ አለ ብለው እንደማያምኑ፣ የማሽኑንም ሰዓት በገዛ እጃቸው እንዳስተካከሉ ገልጸዋል። ቀጥሎ አጀንዳዎቹ ጸደቁ። በጥሪው ላይ አንደኛ የነበረው የእሑድ ሻይ ጉዳይ ወደ አራተኛ እንዲወርድ ሐሳብ ቀርቦ ያለ ክርክር አለፈ። ምክንያቱ አልተነገረም። ወ/ሮ ታደለች ግን ከሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለነበር ሁሉም ያወቀው ይመስለኛል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ውሃ ማለስለሻው ማሽን

ኢንጂነር ተመስገን ሪፖርት አቀረቡ። የአዳራሹ ውሃ ኖራ የበዛበት በመሆኑ ትልቁ የሻይ ማፍያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሶ እንደነበር፣ በመጋቢት ወር ማሽኑን ከተከሉ ወዲህ ግን ቅርፊቱ እንደጠፋ አስታወሱ። አሠራሩንም ለማያውቁ አስረዱ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የማያክሉ ወርቃማ የሙጫ እንክብሎች አሉ። ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ እንክብሎቹ ኖራውን የሚሠራውን ካልሲየም ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። የሚይዙት ሲሞላባቸው ማሽኑ ከጎኑ ካለው በርሜል ብርቱ የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸዋል፤ የታጠበበት ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ እንክብሎቹም እንደ አዲስ ሥራ ይጀምራሉ። ይህ እጥበት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲሆን በየቀኑ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ይከናወናል ብለዋል።

ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ኢንጂነሩ አንድ ካልሲየም ሲገባ ሁለት ሶዲየም እንደሚወጣ መለሱ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ በንግድ ላይ እንዳሉ፣ አንድ ተቀብሎ ሁለት የሚሰጥ ሱቅ ሲከፈት እንጂ ሲቆይ አይተው እንደማያውቁ፣ ማኅበሩም በየቀኑ እየከሰረ መሆኑን ተናገሩ። ኢንጂነሩ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው አሉ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ሕጉ ሲወጣ ማን ተጠየቀ አሉ።

ሊቀመንበሩ ሶዲየም የተባለው ጨው ስለሆነ ለግፊታቸው እንደሚሰጉ ገለጹ። ወ/ሪት አቢጌል ሊቀመንበሩን «አንተ» እያለች እንዲህ በማለት አረጋጋች፦ «ጋሼ፣ ዶንት ወሪ። ከለሰለሰ ውሃ አንድ ብርጭቆ ብትጠጣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ ያለውን ጨው አያክልም። ዶክተርህን ግን ቼክ አድርግ።» ሊቀመንበሩ ግን ግፊታቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከፍ እንደሚል፣ እስካሁንም ምክንያቱ የኮሚቴው አባላት እንደሆኑ ያምኑ እንደነበር ተናገሩ።

በዚህ መካከል ከኩሽናው በኩል ውሃ የሚንዠቀዠቅ ድምፅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ነው አሉ። ፀጉር ቤቱ በሌላው ግድግዳ በኩል እንደሆነ የተናገረ አልነበረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማሽኑ እንከን የሌለበት መሆኑ ታውቆ ለኢንጂነር ተመስገን የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ልዩነታቸው እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጾም

ወ/ሮ ፀሐይወርቅ የሐዋርያት ጾም እየቀረበ ስለሆነ ሬዚን የተባለው ነገር ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ በእርሱ ያለፈ ውሃ መጠጣት ይገባል ወይ ብለው ጠየቁ። ሙጫ ከአጥንትና ከቆዳ ሲቀቀል በዓይናቸው ማየታቸውን ጨምረው ተናገሩ። አቶ ሁዘይፋ ጥያቄው በእርሳቸውም በኩል እንዲመለስላቸው፣ እንስሳም ካለበት በምን ሁኔታ እንደታረደ እንዲገለጽ ጠየቁ።

ኢንጂነር ተመስገን ሬዚኑ ፕላስቲክ እንደሆነ አስረዱ። ሊቀመንበሩ ፕላስቲክ ከነዳጅ ዘይት እንደሚሠራ፣ ነዳጅ ዘይት ደግሞ ከጥንት ፍጥረታት እንደሚመጣ በቴሌቪዥን መከታተላቸውን ተናገሩ። ወ/ሪት አቢጌል «ኦ ማይ ጋድ» ስትል ተሰምታለች።

ኢንጂነሩ እንስሳቱ የሞቱት ጾም ከመደንገጉ እጅግ በፊት ስለሆነ አይመለከታቸውም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ሥጋ ሲሻግት የጾም ምግብ ይሆናል የሚል አባት ካለ ስሙ ይጠራላቸው አሉ። አቶ ሁዘይፋ በእርሳቸው በኩል ጉዳዩ እንደተዘጋ፣ የቀረው የክርስቲያኖቹ እንደሆነ አሳወቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ የፍጥረታቱን ዓይነትና የሞቱበትን ዘመን አጥንቶ የሚያቀርብ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ለአባልነት የተጠቆሙት ሦስቱም ሥራ እንደሚበዛባቸው ገልጸዋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ አበባው ሞት

ወ/ሮ ሊያ ለማኅበሩ የሰጡት፣ ከሻይ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ጀርባ በመስኮቱ ሥር የነበረው አበባ ከሚያዝያ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ሰሞኑን ሞቷል። ሊቀመንበሩ ወ/ሮ ሊያ በሌሉበት መወያየቱ እንደሚሻል አሳሰቡ።

አበባውን የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ተጠየቀ። አባላቱ በየተራ አንድም ቀን እንዳላጠጡት አረጋገጡ። ሆኖም ወ/ሪት አቢጌል ጣቷን ሰዳ ስትመረምረው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሽታውም የቀረፋና የቅርንፉድ ነው። በአፈሩ ላይ ነጭ ነገር እንደ አመዳይ ተጋግሮ ይታያል። በዚህ ላይ አስተያየት ያለው አባል እንዳለ ተጠየቀ። ሁሉም መስኮቱን አዩ።

ወ/ሮ ታደለች ብቻ «ቀረፋ? ምን ሊሠራ እዚያ ገባ?» ብለው ጠይቀዋል። ኢንጂነር ተመስገን የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ለአበባ እንደማይስማማ አስረዱና ውጭ በጎዳናው ላይ የሚታዩት አበቦች ሌላ ዓይነት ናቸው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ አበባው የተፈጥሮ ሞት እንደሞተ ታምኖበት በቦታው የፕላስቲክ አበባ እንዲተካ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ስለ እሑድ ሻይ

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ውሃ ጠየቁ፤ አልመጣላቸውም። ከዚያም ከመጋቢት ወዲህ ወደ እሑድ ሻይ የሚመጣው ሰው ቁጥር እየሳሳ መሄዱን፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ አዳራሹን በሩቁ ሰላም ብሎ ወደ ካፌ እንደሚያልፍ፣ ባለፈው እሑድም ከኮሚቴው በቀር የመጡት አንድ ሽማግሌና መንገድ የጠፋባት አንዲት ቱሪስት ብቻ እንደነበሩ ገለጹ።

ውይይት ተከፈተ። ሁሉም የወ/ሮ ታደለችን ሻይ አወደሱ። ሊቀመንበሩ እንደርሳቸው ሻይ ያለ በሕይወታቸው አለመቅመሳቸውን ተናገሩ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ቅመሙ ከእርሳቸው ሱቅ ስለሆነ ጥሩ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም አሉ። ኢንጂነሩ «ልዩ ነው» አሉ። ጸሐፊውም የሚጨምረው የለም ብሏል። ከዚህ ሁሉ ውዳሴ በኋላ ሻዩ ከእርሳቸው እጅ እንዲወጣ ሐሳብ ቀረበ።

ሐሳቡ የቀረበው በክብር ነው። ወ/ሮ ታደለች ብዙ ስለደከሙ ማረፍ እንደሚገባቸው፣ ከእንግዲህ ወ/ሪት አቢጌል በከረጢት ሻይ እንድታስተናግድ፣ እርሳቸውም «የሻይ የክብር እናት» ተብለው የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው ተጠየቀ። ወ/ሪት አቢጌል ማንም እንዳላማከራት፣ እሑድ ደግሞ ሻይዋን እንደያዘች ወደ ሆስፒታል ዱቲ እንደምትሮጥ ተናገረች። ድምፅ ተሰጠ። አራት ደገፉ፤ ወ/ሪት አቢጌል ተቃወመች፤ አቶ ሁዘይፋ እጃቸውን አጣጥፈው ስለተቀመጡ ድምፅ እንዳልሰጡ ተቆጠረ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ጸሐፊው ነው።

ወ/ሮ ታደለች ቀጥሎ የሚናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍ ጠየቁ። እንዲህ ተጽፏል፦

«እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ባልድዊን ሂልስ ያለው ቤቴ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ የሉም። ለአንድ ሰው ሻይ ማፍላት አይሆንልኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እሑድን ነው። እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹን ከፍቼ ማፍያውን ሞልቼ ወደ ቅዳሴ እሮጣለሁ፤ ስመለስ እሰካዋለሁ። ቅዳሴ ሳላስቀድስ በአፌ ጠብታ ስለማይዞር አልቀምሰውም። ሰው ሁሉ ጠጥቶ ማፍያው ሲያልቅ ለራሴ በትንሿ አዲስ ውሃ አፈላለሁ፤ የእኔ ጥሩ ነው። የእናንተን ግን አላውቅም። እጄ ጠፍቶ ከሆነ ንገሩኝ፤ አርጅቻለሁ፣ ይገባኛል። ብቻ ‹እጅሽ ይባረክ› እያላችሁ ከጀርባዬ አትዙሩ።»

ጸሐፊው ይህን ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ ማንንም ለማየት አልፈለገም።

ወ/ሪት አቢጌል ችግሩ የሻዩ ሳይሆን የውሃው ቢሆንስ ስትል ጠየቀች። ኢንጂነር ተመስገን ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ማታ እርሳቸው፣ ሊቀመንበሩና ወ/ሮ ፀሐይወርቅ የማሽኑን ውሃ ቀምሰው እንደ ምንጭ ውሃ ሆኖ እንዳገኙት አስታወሱ። ሁለቱም አረጋገጡ። ኢንጂነሩ ግን በዚህ አልረኩም፤ ወደ ኩሽና ገብተው በጆግ ውሃ ቀድተው ወጡና ለእያንዳንዱ አባል በብርጭቆ አከፋፈሉ። በጉባኤው ፊት መጀመሪያ የጠጡት እርሳቸው ናቸው።

ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አስቀምጠው «ጥሩ ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ቀምሰው «ጥሩ ነው» አሉ፤ ብርጭቆውንም ራቅ አድርገው አስቀመጡ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ። ወ/ሪት አቢጌል «ኢትስ ፋይን» አለች። ጸሐፊውም ቀምሶ ጥሩ ነው ብሏል፤ ለምን እንዲህ እንዳለ ማብራሪያ የለውም። አቶ ሁዘይፋ ብርጭቋቸውን ጨርሰው ተጨማሪ ጠየቁ።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነና ቁርሳቸውን በልተው ስለመጡ ወ/ሮ ታደለችም ቀመሱ። ወዲያው በመሐረባቸው ተፉትና «ይሄ ጨው ነው!» አሉ።



ወ/ሮ ታደለች ሁሉንም በየተራ አይተው «እሑድ እሑድም እንዲህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። የአባላቱ ዓይን ሳይፈልግ ወደ አበባው መትከያ ሄዷል። ወ/ሮ ታደለች የአባላቱን ዓይን ተከትለው ሄዱና ደረቁን አበባ አዩ፤ ጎንበስ ብለውም አፈሩን አሸተቱ።

ከዚህ በኋላ ጉባኤው ከአጀንዳ ውጭ ወደ ኑዛዜ ገብቷል። ሊቀመንበሩ ሻዩ ጨው ጨው የሚላቸው የግፊት መድኃኒታቸው አፋቸውን ስላበላሸው መስሏቸው እንደነበር፣ ላለማስቀየም ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ለአበባው ያካፍሉ እንደነበር ገለጹ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ አዲስ የአፈላል ዓይነት የመጣ መስሏቸው ኋላ ቀር እንዳይባሉ ዝም እንዳሉ፣ ሙሉውንም ለአበባው እንደሰጡ ተናገሩ። ኢንጂነሩ ነገሩ ከማሽኑ የመጣ እንዳይሆን ፈርተው እንደነበር በዝቅተኛ ድምፅ አመኑ። ወ/ሪት አቢጌል «እኔ ትራዲሽናል መስሎኝ ነው እኮ፤ እናንተ ሁላችሁ ትጠጣላችሁ ብዬ» አለች። ጸሐፊውን የጠየቀው ስለሌለ አልተናዘዘም፤ ወንበሩ ግን ለመትከያው ቅርብ እንደሆነ ይታወቃል።

ወ/ሮ ታደለች በመጨረሻ ወደ አቶ ሁዘይፋ ዞረው እርሳቸውስ የት ይደፉት እንደነበር ጠየቋቸው። አቶ ሁዘይፋ ፊታቸው ተለዋወጠ። መልሳቸው ቃል በቃል እንዲጻፍ ወ/ሮ ታደለች ስለጠየቁ ይኸው፦

«እኔማ አንድም ቀን አልደፋሁም፣ እትዬ። ወሎ እናቴ ቤት ቡናም ሻይም በጨው ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ያለ የትም አላገኘሁም። መጋቢት ላይ አንድ እሑድ እዚህ መጥቼ ስቀምስ፣ ለእኔ ብለው የጨመሩልኝ መሰለኝ። ሥራ ቢኖረኝም የታክሲውን አፕ ኦፍ አድርጌ እየመጣሁ የጠጣሁት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ ታግሶ የሚጠጣ መስሎኝ ደግሞ ‹እነዚህ ሰዎች እንዴት ደጎች ናቸው› እል ነበር።»

ወ/ሮ ታደለች «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሏቸው። አቶ ሁዘይፋ «ስጦታ ለምን ሰጠኸኝ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ። ወ/ሮ ታደለች መጀመሪያ አለቀሱ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ስለበዛባቸው ጉባኤው ለጥቂት ደቂቃ ተቋርጧል። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ ውሃ አቀረቡላቸው፤ ከጆጉ መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው ወሰዱት።

ልዩ ልዩ

ጉባኤው እንደተቀጠለ የሊቀመንበሩ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ወ/ሮ ሊያ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። ወ/ሮ ሊያ እንዲህ አሉ፦ «ሃይ ጋሼ! ሶ፣ ለሁለት ሰዓቱ ሚቲንግ ምሳ ላምጣ እንዴ? ፓርኪንግ እንዳላጣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድራይቭ አደርጋለሁ፣ ኦኬ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም። ወ/ሮ ሊያን በጉባኤው ፊት ገሠጹ። በዚህ አዳራሽ ሁለት ሰዓት ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን የማኅበሩ ምክትል ሊቀመንበር እንዴት እንደማያውቁ ጠየቁ። ቀጥለውም፦ «አንቺ የአሜሪካ ዕቃ ነሽ እንዴ? የእኛን ሁለት ሰዓት ሲነግሩሽ የራስሽን ሁለት ሰዓት የምትይዢ—» ብለው በዚያው አቆሙ።

ከኩሽናው ውሃው አሁንም ይንዠቀዠቃል። ሊቀመንበሩ ስልኩን ሳይዘጉ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ፤ ጉባኤውም ተከትሏቸው ገባ።

ማሽኑ እየታጠበ ነው። የማሽኑ ሰዓት 3፡26 ይላል። ከላዩ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው መመሪያ እጥበቱ የሚጀምረው በአሜሪካ አቆጣጠር ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይገልጻል። ሊቀመንበሩ በውሳኔያችን መሠረት የማሽኑን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር አዙረውታል። ማሽኑ ግን ውሳኔውን አልሰማም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ማለትም ወ/ሮ ታደለች በየእሑዱ ማፍያውን ሲሞሉ፣ እርሱ ሌሊት መስሎት እጥበቱን ይጀምራል። ማታ ማታ ቢቀምሱት ጥሩ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ፣ በእጥበት ጊዜ የጨው ውሃው ወደ ቧንቧው እንዳይገባ የሚያግደው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ኢንጂነር ተመስገን ቫልቩን ያልዘጉት በዚያ ሰዓት ቧንቧ የሚከፍት ሰው ስለማይኖር ነው ብለው አስረዱ፤ ሲያስረዱ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ሊቀመንበሩ ለወ/ሮ ሊያ የተናገሩት ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሐፊው በቀለም ስለጻፈው አዝናለሁ ብሏል። ወ/ሮ ሊያ ስልኩ ላይ ሆነው «ሃሎ? ሃሎ? ሶ ዶሮ ላምጣ ወይስ አላምጣ?» ሲሉ ይሰሙ ነበር። አምጪ ተባሉ።

ከዚያም ሊቀመንበሩ በወ/ሮ ታደለች ፊት ቆመው፣ እንደ ሊቀመንበር ሳይሆን እንደ ኅሩይ ይቅርታ ጠየቁ። ሰባት ሰው ለአንዲት ሴት አንድ እውነት መናገር አቅቶት አበባ መግደሉ እንዳሳፈራቸው ተናገሩ። ወ/ሪት አቢጌል ሰባት ሳይሆን አምስት እንደሆኑ፣ ወ/ሮ ታደለችና አቶ ሁዘይፋ እንደማይቆጠሩ አረመቻቸው። ወ/ሮ ታደለች ይቅርታውን ተቀብለው «ግማሽ ብርጭቆውን መጠጣትዎ ግን ለግፊትዎ ጥሩ አልነበረም፤ እሱን ይቅር አልልዎትም» አሉ።

በማሽኑ ሰዓት ላይ አጭር ክርክር ተደርጓል። ሊቀመንበሩ ውሳኔ ውሳኔ ነው ብለው ትንሽ ታገሉ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ማሽኑ የተወለደው እዚህ ስለሆነ በትውልድ አገሩ ሰዓት መኖር መብቱ እንደሆነ ሲናገሩ ሁሉም ተስማማ። ኢንጂነር ተመስገን ሰዓቱን መለሱ፤ ቫልቩንም ዘጉ። ዘግተው ሲመለሱ ወ/ሮ ታደለች የማፍያውን ክዳን ከፍተው፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባው ገና አላለቀም እያሉ፣ ቅመሙን ይመርጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ሻዩን ለሰው ያቀረቡት መጀመሪያ ራሳቸው ቀምሰው ነው። እውነት ለመናገር በጣም ጥሩ ሻይ ነበር፤ ይህን ጸሐፊው የሚጽፈው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

ስብሰባው ከጠዋቱ 5፡05 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ከአባላቱ ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ወ/ሮ ሊያ በራሳቸው ሁለት ሰዓት ላይ ዶሮ ይዘው ሲደርሱ ሁሉም በቦታው ተገኝቷል። በሰዓቱ የደረሱ ብቸኛዋ አባል እርሳቸው እንደሆኑ ተመዝግቧል። ስለ አበባቸው ማን እንደሚነግራቸው ዕጣ ወጥቶ ለጸሐፊው ደርሷል።

የመዝጊያ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተወሰነው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። የምስጋና ደብዳቤው አይጻፍም። የጥንት ፍጥረታት ንዑስ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ፈርሷል። የፕላስቲክ አበባ አይገዛም፤ አምስቱ ጥፋተኞች እውነተኛ አበባ ይተክላሉ፤ ውሃ ብቻ ያጠጡታል። «የሻይ የክብር እናት» የሚለው ማዕረግ ቀርቷል፤ ወ/ሮ ታደለች የእሑድ ሻይ አፍሊ ናቸው፤ በዚህ ላይ ከእንግዲህ ድምፅ አይሰጥም።

እንዲሁም ወ/ሮ ታደለች ባቀረቡት ሐሳብ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ይህኛውን የትኛውም ጉባኤ ሊሽረው አይችልም፦ በየእሑዱ ከሚቀዱት ብርጭቆዎች ሁሉ በፊት አንዱ ለብቻው ይቀዳል፤ በእርሱም ላይ ወ/ሮ ታደለች በገዛ እጃቸው አንድ ቁንጥጫ ጨው ይጨምራሉ፤ ብርጭቆውም የአቶ ሁዘይፋ ነው።